ዘር ከልጓም ይስባልን?

አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ነገሩ የተወሰደው ከፈረስ ነው፤ ፈረስ በልጓም ቢገታም የተወለደበት ጠባይ ወደ ራሱ መንገድ ይጎትተዋል ለማለት ነው። ይህን ምሳሌ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው የሌባ ልጅ ሲሰርቅ፥ ወይም የደግ ሰው ልጅ ደግ ሆኖ ሲገኝ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ከዚያ ዝቅ ያለ መስሎ ስለሚታይ፥ ነገር ግን በየገበያውና በየለቅሶው ቤት ሰው ስለሚፈረድበት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ስለ ሰውነት ውፍረት ነው። ወፍራም ሰው የወፈረው በዘሩ ነው ወይስ በሆዱ? በዘሩ ከሆነ ልንነቅፈው ይገባናልን? በሆዱ ከሆነስ ቀጭኑ ሰው በቅጥነቱ ሊመሰገን ይገባዋልን?

ጥያቄው የጠገበ ሰው ጥያቄ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ነቀፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 46ቱ በምግብ እጥረት ቁመታቸው የቀጨጨ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ጥናት በመላው አገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶው 22ቱ ከልክ በላይ የከሱ ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያው መዝገብ ሌላም ቁጥር ተጽፏል። ከልክ በላይ የወፈሩት ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ ሦስት ያህል ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ስምንት ሆኑ፤ የበዙትም በከተማ ነው። በአንድ ጣራ ሥር እናቲቱ ወፍራ ልጇ ቀጭጮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ረኀብና ውፍረት የተለያዩ የሁለት አገር ነገሮች አይደሉም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ እንደምናየው ዘመዳሞች ናቸው።

እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ በጎጃም «ወፈርክ፥ አማረብህ» ማለት ምርቃት ነበረ። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ጉንጩ ሞልቶ ከታየ ቤተሰቡ ደስ ይለው ነበር፤ ከስቶ የመጣ እንደ ሆነ ግን እናቱ ታለቅስ ነበር፤ መክሳት የበሽታ ወይም የችግር ምልክት ነበረና። ዛሬ በፍኖተ ሰላም ከተማ ሁለቱም ፍርድ ጎን ለጎን ይኖራል። ሽማግሌው ያመሰግናል፤ ወጣቱ ይስቃል። እኔ የማውቃት አንዲት የጠላ ነጋዴ አለች፤ ዓቢይ ጾምን፥ ፍልሰታን፥ ረቡዕንና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ከተነሣችበት ሰዓት ጀምሮ ከእንስራ ወደ እንስራ ስትመላለስ ትውላለች፤ ነገር ግን ሰውነቷ እጅግ ወፍራም ነው። ጎረቤቶቿ «ተደብቃ ትበላለች» ብለው ያሟታል። ታናሽ እኅቷ ከአንድ ገበታ ትበላለች፤ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ናት፤ እርሷን ደግሞ «ጾም የሚገባት» ይሏታል። እንግዲህ አንዷ ሐሰተኛ፥ አንዷ ጻድቅ ተብለው የተለዩት በምን ማስረጃ ነው? በወገባቸው ስፋት ብቻ ነው።

ይህን የመሰለ ፍርድ ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ፥ ሊቃውንት በዚህ ነገር የደረሱበትን ማየት ይገባል። ከዚህ በታች የማነሣቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የዘር ትምህርት የተጀመረው በአንድ መነኩሴ ነው። ግሬጎር ሜንዴል የተባለው የገዳም ሰው በአትክልት ቦታው አተር እየዘራና እያዳቀለ፥ የወላጆች መልክ ወደ ልጆች የሚተላለፍበትን ሥርዓት በ1866 አሳተመ። እኔም ይህን ትምህርት መጀመሪያ የሰማሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው፤ መምህራችን የአተር ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው ሲያስተምሩን፥ ምሥጢሩ ከማሳ አልፎ ወደ ሰው ጉንጭና ወገብ ይደርሳል ብለን ያሰብን አልነበርንም።

የሰውን ውፍረት በተመለከተ ከሁሉ አስቀድሞ መለየት የሚያስፈልገው፥ ልጅ ወላጁን የሚመስለው ከወላጁ ስለ ተወለደ ነው ወይስ በወላጁ ቤት ስለ በላ ነው የሚለው ነው። በ1986 ስታንካርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በዴንማርክ አገር በሕፃንነታቸው ለጉዲፈቻ የተሰጡ 540 ጐልማሶችን መረመረ። ውፍረታቸው የሚመሳሰለው ከወለዷቸው ሰዎች ጋር ሆነ እንጂ ካሳደጓቸው ጋር አልሆነም። በ1990 ደግሞ በካናዳ የተደረገ አንድ ሙከራ አለ፤ እኔ ከሁሉ ይልቅ የምደነቅበት እርሱ ነው። ቡሻር የተባለው ሊቅ 12 ጥንድ መንትያ ወጣቶችን፥ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑትን ማለት ነው፥ ከሚያስፈልጋቸው በላይ በቀን አንድ ሺህ ካሎሪ እየጨመረ ለ84 ቀን አበላቸው። ሁሉም የተጨመረላቸው ምግብ እኩል ነው። በመጨረሻ በተመዘኑ ጊዜ ግን ዝቅተኛው የጨመረው 4.3 ኪሎ፥ ከፍተኛው የጨመረው 13.3 ኪሎ ሆነ። መንትያው ግን ከመንትያው ጋር ተቀራራቢ ነበረ። ይህ ነገር በጠላ ነጋዴዋ ላይ ለሚፈርዱት ጎረቤቶች ሊነገር ይገባል፤ እኩል ማዕድ እኩል ሰውነት አይሰጥምና።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቅ አለ። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን የተባለው አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ከልክ በላይ በሚወፍር የአይጥ ወገን ውስጥ የተበላሸውን አንድ ዘረ መል አገኘ። ይህ ዘረ መል የሚያዘጋጀው ንጥረ ነገር ሌፕቲን ተባለ፤ ስሙ «ቀጭን» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሥራውም መልእክተኛነት ነው። የሰውነት ስብ በሌፕቲን አማካይነት ወደ አንጎል «በቂ ስንቅ አለኝ» ብሎ ይልካል፤ መልእክተኛው ከሌለ አንጎል ጎተራው ባዶ ነው ብሎ ያምናል፤ ሰውየውም እንደ ተራበ ይኖራል። በ1997 በእንግሊዝ አገር ሌፕቲን ከቶ የሌላቸው ሁለት የዘመድ ልጆች ተገኙ። አንዲቱ ልጅ በስምንት ዓመቷ 86 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ሁለተኛው ልጅ በሁለት ዓመቱ 29 ኪሎ ነበረ። እነዚህ ልጆች ምግብ ሲከለከሉ ይጮኹ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ሌፕቲንን በመርፌ መውሰድ ስትጀምር ረኀቧ ጸጥ አለ፤ ክብደቷም ቀነሰ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሆዳምነት የልብ ክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ በመርፌ እንዴት ይድን ነበር? ልጅቱ በመርፌው ማግስት የተሻለች ንጹሕ ነፍስ አልተሰጣትም፤ የተሰጣት ሌላው ሰው ሁሉ ሳያውቀው በደሙ ይዞት የሚዞረው ነገር ነው። እኛ ከአንድ እንጀራ በኋላ «በቃኝ» ብለን እጃችንን ስንታጠብ ራሳችንን ገዛን ብለን እንመካለን። ማን ያውቃል፤ የገዛን መልእክተኛው ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ ሁሉ በዘር ነው» ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። እንደዚያች ልጅ ያለው ሰው በዓለም ሁሉ እጅግ ጥቂት ነው። የብዙው ሰው ውፍረት የሚመጣው ከአንድ የተሰበረ ዘረ መል ሳይሆን ከብዙ ትንንሽ ልዩነቶች ድምር ነው። በ2007 የተገኘውና ኤፍ ቲ ኦ የተባለው ዘረ መል ከነዚህ ሁሉ ብርቱው ነው፤ ሆኖም የሚያወፍረውን ዓይነት ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ሰው፥ ከሁለቱም ካልወረሰው የሚበልጠው በአማካይ በሦስት ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በ2018 ወደ 700,000 ሰዎች ተመርምረው ከ900 በላይ እንዲህ ያሉ ምልክቶች ተቈጠሩ፤ ሁሉም ተደምረው ከሰዎች የውፍረት ልዩነት ሊያስረዱ የቻሉት ከመቶ ስድስት ያህሉን ነው። የመንትያና የቤተሰብ ጥናቶች ግን የዘር ድርሻ ከመቶ ከ40 እስከ 70 ይደርሳል ይላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ገደል ገና አልተሞላም። ደግሞም የተመረመሩት ሰዎች አብዛኞቹ የአውሮጳ ተወላጆች ናቸው፤ የሰው ልጅ የዘር ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚሰፋው ግን በአፍሪካ ነው። ስለዚህ በእነርሱ ላይ የተሠራው ሚዛን እኛን ሲመዝን ብዙ ጊዜ ይስታል።

እነዚህ ዘረ መሎች የሚሠሩት እንዴት ነው? ብዙዎቹ የሚሠሩት በስቡ ላይ ሳይሆን በአንጎል ውስጥ ነው። ረኀብን ፈጥኖ መቀስቀስ፥ ጥጋብን ማዘግየት፥ የጣፈጠውንና የቀባውን ይበልጥ ማስመኘት ነው ሥራቸው። ዘር የሚስበው እንግዲህ በምኞት በኩል ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ከሥነ ምግባር ጋር የሚጋጠመው፤ ምኞት የእኔ ነው ብለን ስለምናምን፥ ከውስጣችን ሲነሣ ስለምንሰማው፥ ከአያት የመጣ መሆኑ አይታየንም።

«ከመቶ 70 በዘር ነው» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ከቡሬ ገበሬ የተሻለ መምህር የለም። የምዕራብ ጎጃም ሰው የበቆሎ ሰው ነው። ከባኮ የወጣውን ቢ ኤች 660 የተባለውን ምርጥ ዘር ከአገሩ ዘር ጋር በተራቆተ መሬት፥ ያለ ማዳበሪያ ይዝራው፤ ሁለቱም ቀጭጨው ይቆማሉ፤ ልዩነታቸው እምብዛም አይታይም። ያንኑ ዘር በሰባ መሬት ይዝራው፤ አንዱ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል፥ ሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ልዩነቱ ሁሉ የዘር ነው ያሰኛል። ነገር ግን ልዩነቱን ያወጣው መሬቱ ነው። በሰውም ላይ የታየው ይኸው ነው። ፍራሚንግሃም በተባለው የአሜሪካ ከተማ ለብዙ ዓመታት በተጠኑ ቤተሰቦች ዘንድ፥ ከ1942 በፊት በተወለዱት ሰዎች ላይ ኤፍ ቲ ኦ በውፍረታቸው ላይ ያደረገው ለውጥ አልታየም፤ ከዚያ ወዲያ በተወለዱት ላይ ግን ጎልቶ ታየ። ይህ በ2015 ታትሟል። ዘሩ አንድ ነው፤ የተለወጠው ገበታውና አኗኗሩ ነው።

የእኛም መሬት እየተለወጠ ነው። አያቶቻችን ከጃቢ ጠህናን ቆላ ተነሥተው ገበያ ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ የገጠሩ ሰው ዛሬም ይሄዳል፤ የፍኖተ ሰላም ሰው ግን ከአውቶቡስ መናኸሪያ እስከ ገበያ ለምትሆነው መንገድ ባጃጅ ይጠራል። ኑግ በቤት ተወቅጦ፥ ዘይቱም በማንኪያ ተለክቶ ይጨመር የነበረበት ወጥ ዛሬ በጀሪካን ዘይት ይዋኛል፤ በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቀው የምግብ ዘይት ፋብሪካ በቀን አንድ ሚሊዮን ተኩል ሊትር ለማምረት የሚችል ሆኖ የተሠራ ነው። ፋብሪካውን መንቀፌ አይደለም፤ ለአገሩ ልጆች እንጀራ ነው፤ ዘይት ሲጠፋ የሚያለቅሰውም ድኻው ነው። ነገር ግን ጾምን በዘይት የተሞላ ማዕድ አድርገን፥ ከሥጋ መከልከሉን ብቻ እንደ መጠን መቍጠራችን ያስገርመኛል። በሻይ ላይ የሚጨመረውን አራት ማንኪያ ስኳር ለምን እንዳነሣሁ የሚጠይቀኝ ካለ ራሱ ይመልስ።

ዘራቸው ሳይለወጥ አገራቸው የተለወጠባቸው ወገኖቻችንም አሉ። ከጎንደርና ከሌሎች ሰሜናዊ አገሮች የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን በ1984ና በ1985፥ ከዚያም በ1991 በአየር ወደ እስራኤል ተጓዙ፤ በመጨረሻው ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ያህል ተወሰዱ። በአገራቸው ሳሉ እምብዛም ያልታወቀው የስኳር በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመካከላቸው እየበዛ መሄዱን የዚያ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል። በአውሮፕላኑ ውስጥ ዘራቸው አልተለወጠም። ጠባያቸውም በድንገት ከጨዋነት ወደ ሆዳምነት አልዞረም። የተለወጠው የሚበሉት፥ የሚሠሩትና የሚሄዱበት መንገድ ነው።

ቀድሞ ረኀብና ውፍረት ዘመዳሞች ናቸው ያልሁት አሁን ይብራራ። በ1944 ክረምት በጦርነቱ ምክንያት ሆላንድ ውስጥ ጽኑ ረኀብ ሆኖ ነበር። በ1976 ወደ 300,000 የሚጠጉ የ19 ዓመት ጎበዛዝት ለውትድርና የተመዘኑበት መዝገብ ሲታይ፥ እናቶቻቸው በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት የተራቡባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ውፍረት በዝቶባቸው ተገኘ። ማኅፀን የተራበ እንደ ሆነ ሰውነት ለረኀብ ዓለም ይዘጋጃል፤ በኋላ ጥጋብ ሲመጣ ዝግጅቱ ጠላት ይሆንበታል። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ የተፀነሱት የሰሜን ልጆች ዛሬ የአርባ ዓመት ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም የከተማ ነዋሪዎች ሆነዋል። እንግዲህ ከእነርሱ አንዱ ወፍሮ ስታየው በምን ፈረድህበት? በመሬቱ ላይ ከመብቀሉ በፊት የደረሰበትን እርሱ አልመረጠውም።

አንዳንዶች ከዚህ አልፈው፥ «እኛ የክፉ ቀን ልጆች ነን፤ ረኀብ የቈጠበውን እንጂ ያባከነውን አላተረፈም፤ ስለዚህ ስብ የሚያጠራቅም ዘር ወረስን» ይላሉ። ሐሳቡን በ1962 ያቀረበው ጄምስ ኒል የተባለ ሊቅ ነው። ተረቱ ያምራል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ረኀብ የሚገድለው ይልቁንም ሕፃንና ሽማግሌን ነው፥ እርሱንም በበሽታ እየረዳ ነው፤ ቀጭኑን ጎልማሳ መርጦ አይወስድም። በሳሞአ ደሴቶች በ2016 የተገኘ፥ ከሌላው ዓለም ይልቅ በእነርሱ የበዛ አንድ የሚያወፍር ዘረ መል ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ ተደርጎ ተጠቅሷል፤ የሚያስገርመው ግን ያንኑ ዘረ መል የያዙት ሰዎች በስኳር በሽታ የሚያዙት በጥቂቱ መሆኑ ነው። ነገሩ እንደ ምሳሌ የተቃና አይደለም።

ደግሞም «ዘር» የሚለውን ቃል በአገራችን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። አንዱ ቃል የሚዘራውንም፥ ትውልድንም፥ ነገድንም ይጠራል። ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በዘሩ ስንንቅ፥ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናት እያልን ከማዕድ ስናርቅ የኖርን ሰዎች ነን። በዚህ ዘመንም በዘር ስም የፈሰሰው ደም ገና አልደረቀም። ስለዚህ ሊቃውንት ስለ ዘረ መል የሚነግሩንን በአሮጌው ጆሮ ብንሰማው፥ ከአንድ ነቀፋ አድኖን ወደ ባሰ ነቀፋ ይጥለናል፤ «ሆዳም ነው» ማለትን ትተን «ዘሩ ነው» ብለን ቤቱን በሙሉ እንፈርድበታለን። የመጀመሪያው ስድብ ቢያንስ አንድ ሰው ይነካ ነበር።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ፤ ልጓሙስ? ልጓም አለ፤ ይሠራልም። ከ218,000 በላይ ሰዎች በተቈጠሩበት በ2011 በታተመ ጥናት፥ ሰውነታቸውን በሥራና በእንቅስቃሴ በሚያደክሙት ዘንድ የኤፍ ቲ ኦ ጕዳት ከሌሎቹ ይልቅ በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ሩብ ሁሉም አይደለም፤ ከንቱም አይደለም። ነገር ግን የልጓሙ ክብደት በሁሉ አፍ እኩል አይደለም። ሁለት ሰዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾሙ፥ አንዱ ረኀቡ ቀላል ሆኖለት መጽሐፉን ሲያነብ ይውላል፤ ሁለተኛው ከረፋዱ ጀምሮ ከሆዱ ጋር ሲታገል ይውላል። ሰዓቱ አንድ ነው፤ የከፈሉት ዋጋ አንድ አይደለም። ሁለት ሳንቲም የሰጠችው መበለት የተመሰገነችው በሳንቲሙ ብዛት አልነበረም። ያቺ የጠላ ነጋዴ ምናልባት ከቀጭን እኅቷ አብልጣ ጾማ ይሆናል፤ የሚያየው ግን የለም፤ ትግል በወገብ አይለካምና።

ልጓምም በፈረሱ አፍ ብቻ ያለ አይደለም፤ መንገዱም አጥሩም ይገታል። ከተማ ሲሠራ ለእግረኛ መንገድ መተው፥ በትምህርት ቤት ደጅ ከሚሸጠው ብስኩትና ለስላሳ ሌላ ነገር እንዲገኝ ማድረግ፥ እርጉዝ ሴት በክረምት እንዳትራብ ጎተራዋን መጠበቅ፤ ይህ ሁሉ የሌላ ሰው እጅ የሚይዘው ልጓም ነው። በዘሩ ብርቱ ስበት ያለበትን ሰው ለብቻው «ራስህን ግዛ» ብሎ መተው ለእኔ ፍርድ አይመስለኝም፤ በዳገት ላይ የቆመውንና በሜዳ ላይ የቆመውን አብረው ሩጡ ማለት ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ቤቴ መጥተው ነበር። ለአንድ ጎበዝ ልጅ ሚስት ሊለምኑ ተልከው፥ የልጁ ወገኖች ግን ነገሩን ሊያፈርሱ አስበዋል፤ የልጅቱ እናት እጅግ ወፍራም ናት፥ ስኳርም አለባት፤ «ዘሩ ወደ ልጆቻችን ይገባል» ብለው ፈርተዋል። «መምህር፥ እርስዎ ተምረዋል፤ እስከ ሰባት ቤት እንቈጥራለን፤ ይህም ይቈጠራል ወይ?» አሉኝ። እኔም እንዲህ አልኋቸው፤ ልጅ ከእናቱ የሚወርሰው እኩሌታውን ነው፤ የትኛው እኩሌታ እንደሚደርሰው እንደ ዕጣ ነው፤ ሌላውን እኩሌታ ከአባቱ ይወርሳል፤ ከነዚያ ከዘጠኝ መቶ ከሚበልጡት ምልክቶች ጥቂቱን የማይሸከም ቤት በጎጃም አይገኝም፤ እስከ ሰባት ቤት ብትቈጥሩ የሚጋባ አይኖራችሁም። ልጅቱ ከእናቷ ቤት የወጣ ወጥ የምትሠራበት ዘይት ከዘሯ ይልቅ ሊያሳስባችሁ ይችላል አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ከሦስቱ በዕድሜ የላቁት፥ «የልጁ አጎት ቡሬ የሚኖረው፥ ባጃጅ ውስጥ ሁለተኛ ሰው አብሮት አይቀመጥም» አሉ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ነገሩም ወዲያው ወደ ጥሎሹ ዞረ።